ቀባሪ ፍለጋ በኮልፌ

ወልደ አማኑኤል በየማለዳው ጨው የተነሰነሰበት ለብ ያለ ውሃ ይጉመጠመጥና ከደጁ በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ቆሞ የሰፈሩን ጭስ ያያል። በዚያ ሰዓት ኮልፌ ከእግሩ ሥር ተኝታለች። ጭጋጉ ከወንዙ ተነሥቶ ቁልቁለቱን ይሞላዋል፤ የሣር ክዳኖቹ ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ አውጥተው ወተት ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ትንሽ ቆይቶ ከየክዳኑ ጭስ መሹለክ ይጀምራል። ጭሱና ጭጋጉ ሲደባለቁ የትኛው ከምድጃ የትኛው ከወንዝ እንደመጣ የሚለይ ሰው ቢኖር ወልደ አማኑኤል ነው። የራህማ ጭስ ቀድሞ ይወጣል፤ ቅቤ ነጋዴዋ ራህማ ከአዛን በፊት የምትነሣ ሴት ናት። የአንጥረኞቹ ጥቁርና ወፍራም ነው። የሸማኔዎቹ ቀጭን ነው፣ ዘግይቶ ይወጣል። ጭስ ያልወጣበት ቤት ካየ ወደዚያ ይወርዳል። ጭስ የሌለው ቤት ባለቤት ወይ መንገድ ሄዷል፣ ወይ ታሟል፣ ወይም ለወልደ አማኑኤል ሥራ ፈጥሯል።

ሥራው ለቅሶ መጥራት ነው። ሰው ሲሞት ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች እየዞረ የሟቹን ስም፣ የሐዘንተኛውን ቤትና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ቀድሞ ጥሩንባ ነበረው። ጣሊያን ከተማውን በያዘ ሰሞን አንድ ወታደር ጥሩንባውን ሲሰማ የጦር ጥሪ መስሎት ቀማው፤ ከዚያ ወዲህ የሚጣራው በጉሮሮው ብቻ ነው። ቀን ቀን ጉልት ላይ የቃጫ ገመድ ይሸጣል። ገመዱን ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች ያወሩታል፣ ያሾፉበታል፣ ዋጋ ይከራከሩታል። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እነዚያው ሰዎች በደጃቸው እንዳያልፍ ይሳቀቃሉ። ጉልት ላይ ሰው ነው፤ ደጅ ላይ ሞት ነው። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖሯል። የማንንም በር ለወሬ ብሎ አንኳኩቶ አያውቅም።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ አንድ ቀን፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ካለችው ትንሽ ጎጆ ጭስ እንዳልወጣ አየ። ጎጆዋ የእንግዳ ናት። ጣሊያን በአራዳ በኩል ያለውን የአበሻ ሰፈር ሲያፈርስ ወደ ምዕራብ ከገፋቸው ሰዎች አንዱ ከክረምቱ በፊት ገብቶባታል። ስሙን ገና የሚያውቅ የለም። ወልደ አማኑኤል ጭቃውን እየመረጠ ወረደ።

«ቤቶች!»

«ይግቡ። በሩ እንደሆነ አይዘጋም» አለ ከውስጥ የተሰነጠቀ ድምፅ።

መደቡ ላይ አንድ ከሲታ ሰው ተቀምጦ ነበር። ዕድሜው ከወልደ አማኑኤል ብዙ አያንስም። ጉልበቱን አቅፎ የጠፋውን ምድጃ ያያል።

«እሳትዎ አልነደደም ብዬ ነው የመጣሁት» አለ ወልደ አማኑኤል።

«እንጨቱ ረጥቧል። እኔም ረጥቤያለሁ» አለና ሰውየው ረጅም ሳል ሳለ። ሳሉ ሲያበቃ ቀና ብሎ አየው። «እርስዎ ለቅሶ የሚጠሩት ሰው ነዎት። ከትናንት ወዲያ ሰምቼዎት ነበር። ድምፅዎ ጥሩ ነው።»

«ድምፄን ያመሰገነኝ የለም፤ እርስዎ መጀመሪያዬ ነዎት።»

«ሌላው ሲሰማዎት የሚያለቅሰው አለው። እኔ የለኝምና ዜማውን አዳመጥሁ።»

ወልደ አማኑኤል ሣቀ፤ ከሣቀ በኋላ ግን ነገሩ ልቡን ነካው። ደረቅ እንጨት ከየት እንደሚገኝ ያውቅ ስለነበር እንጨት ነጋዴው ቡልቻ ዘንድ ሄዶ አንድ እቅፍ ይዞ ተመለሰ። እሳቱን አቀጣጠለ። ሰውየው እጁን ወደ ነበልባሉ ዘርግቶ ስሙ ጉልላት እንደሆነ፣ ሚስቱ ከወረራው በፊት እንዳረፈች፣ አራዳ ላይ ኮርቻ ይሰፋ እንደነበር ነገረው።

«እንደሚያዩኝ ነኝ» አለ ጉልላት። «ይህ ደረት ጥቅምትን ያያል፤ ታኅሣሥን ግን እንጃለት። ሞቱ አያስጨንቀኝም። አራዳ ሳለሁ የሄድሁበት ቀብር ስፍር ቁጥር የለውም። በዝናብም በሐሩርም ቃሬዛ ተሸክሜያለሁ። ያ ሁሉ ሰው እኔን ይቀብረኝ ነበር። አሁን አንዱ ጉለሌ ነው፣ አንዱ ገፈርሳ ነው፣ አንዱ የት እንደደረሰ አይታወቅም። አንድ ቀን እርስዎ ይወጡና ‹ጉልላት ሞቷል› ብለው ይጣራሉ። ሰዉም ከየቤቱ ብቅ ብሎ ‹ጉልላት ማነው?› ይላል። ተመልሶም ይገባል።»

ወልደ አማኑኤል እንዲህ ያለ ቀብር አይቷል። ባለፈው ዓመት አንዲት እንግዳ ሴት ስትሞት እሱና ቄሱ፣ ደግሞም ያጋጣሚ መንገደኞች ናቸው የቀበሯት። ጠላት እንኳ ሲራገም «ቀባሪ ያሳጣህ» የሚለው ሌላ ርግማን ሲያልቅበት ነው።

«ታዲያ እግርዎ ሳይከዳዎት ሰዉ ይወቅዎት» አለ በመጨረሻ።

«ማን ያሳውቀኛል?»

«በሩን ሁሉ የማውቅ እኔ ነኝ እኮ።»

ጉልላት ተነሣ። በማዕዘኑ የተሰቀለውን ነጠላ አውርዶ ተከናነበ። በጠርዙ ያለው ባለቀለም ጥለት ጭቃ እንዳይነካው ወደ ላይ አዙሮ አንገቱ ሥር ጠመጠመው፤ እንደዚያ ሲሆንም ሙቀቱ ደረቱ ላይ ይሰበሰባል። ጥለት ወደ አንገት የሚወጣው ሐዘን ላይ ነው። ወልደ አማኑኤል ግን ዕድሜውን በሙሉ የሚያየው ሰው እንዲሁ የለበሰ ስለነበር ዓይኑ ምንም አላገኘበትም።

ሁለቱ ጭጋጉ ውስጥ ገቡ።

«ኮልፌ የምትጀመረው ከወንዙ ነው» አለ ወልደ አማኑኤል ወደፊት እየቀደመ። «ከመንገዱ የጀመረ ሰው ካሚዮንና ወታደር ብቻ አይቶ ይመለሳል። መንገዱ የእነሱ ነው። ሲሻገሩ ወደ መሬት ይዩ፣ ፈጠን ይበሉ። ከወንዙ በኩል ግን ከገቡ ሰው ነው የሚያገኙት።»

ወንዙ አይታይም ነበር፤ የሚሰማው ድምፁ ነው። እንስራ ከድንጋይ ሲነካካ፣ ሴቶች ሲነጋገሩ፣ አህያ ስታናፋ፣ ሁሉም ከነጭ መጋረጃ ጀርባ ይመጣል። ጉልላት እየቆመ ያዳምጣል። ከትኩሳቱ የተነሣ የድሮ ሰፈሩ ከአዲሱ ጋር እየተደባለቀበት ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ጭጋጉ እጁን ዘርግቶ «እዚህ ጋ የሰም ነጋዴው ሱቅ ነበር» አለ። ወልደ አማኑኤል ዞር ብሎ አየ፤ ያለው ግራር ነው። «ይሁን፤ ሰም ነጋዴውም አብሮን ይምጣ» አለው። ከዚያ በኋላ ጉልላት የፈረሰውን አራዳ በኮልፌ ላይ እያነጠፈ፣ ወልደ አማኑኤል ኮልፌን ከሥሩ እያሳየ፣ ሁለት ሰፈር በአንድ ጊዜ ይሄዱ ጀመር።

ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ወልደ አማኑኤልን ሲያዩ ወሬያቸው ቀጥ አለ። አንዷ እንስራዋን ለቀቀች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«አይዋሹን ጋሼ! ማን ነው?»

«እኔ ምለው፣ ሰው ካልሞተ ወንዝ መውረድ አይቻልም? ይሄ አቶ ጉልላት ይባላል። ከባሕር ዛፉ ሥር ያለችው ጎጆ የሱ ናት። ላስተዋውቃችሁ ብዬ ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ትልቅ ሴት ጉልላትን ከእግር እስከ ራሱ አይታ «አይ ጋሼ ወልደ አማኑኤል፤ ዛሬስ ሟችን ከነሕይወቱ ማዞር ጀመሩ?» አለች። ሣቁ ጭጋጉን ሰንጥቆት ሄደ። ጉልላትም ሣቀ፤ ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። ይህችው ትልቅ ሴት ከእንስራዋ ቀድታ አጠጣችው። ስሙንም ደግማ ጠየቀችው። ወልደ አማኑኤል ይህን ልብ አለ፤ ስም ሁለት ጊዜ ከተጠየቀ አይረሳም።

ከወንዙ ወደ ሸማኔዎቹ ወጡ። ሸማኔዎቹ ከወገባቸው በታች ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ስለሚሠሩ በጭጋግ ቀን ከመሬት የበቀሉ ይመስላሉ። የመወርወሪያው ድምፅ ከዚህም ከዚያም ሲመላለስ አንድ ትልቅ ልብ መሬት ውስጥ የሚመታ ይመስል ነበር። እነሱም ለቅሶ መስሏቸው መወርወሪያቸውን አቆሙ። አለመሆኑን ሲሰሙ ያፈሩ ያህል ወሬ አበዙ፤ ከፊሎቹ ከወልደ አማኑኤል ጋር ከአንድ አገር፣ ከደቡብ ምዕራብ የመጡ ስለሆኑ በአገራቸው ቋንቋ ቀለዱበት። ከዚያ ወደ ጉልቱ፣ ከጉልቱ ወደ አንጥረኞቹ ሄዱ። ወልደ አማኑኤል መንገድ የሚያሳየው በሰው ነበር፤ «እዚህ ጋ የሁለቱ ወንድማማቾች አጥር ነው፤ አይነጋገሩም፣ እርስዎ ግን ሁለቱንም ሰላም ይበሉ» ይላል፤ «ይቺ ጠባብ መንገድ ወደ መስጊዱ ታወጣለች፤ ዓርብ ዓርብ ይቺን ከያዙ ሰላም የማይልዎት የለም» ይላል። በየደጁ ሰው ይደነግጣል፤ በየደጁ ድንጋጤው ወደ ሣቅ ይለወጣል። ወልደ አማኑኤል ሣቅ የሚያመጣ ሰው ሆኖ አያውቅም ነበርና እግሩ ቀለለው። ሌላ በር ላንኳኳ የሚል ስግብግብነት ያዘው።

ወደ ዘይነባ ደጅ የወሰደው ይኸው ስግብግብነት ነው።

ዘይነባ የጀላል ሚስት ናት። የጀላል ወገን በኮልፌ ብዙ ነው፤ እሷ አንድን ሰው ካወቀችው ግማሽ ሰፈር አወቀው ማለት ነው። ጀላል ራሱ ግን አልነበረም። ቡና ሊያመጣ ጅማ ሄዷል ይባላል። ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው። በምዕራብ በኩል ጫካ ከገቡት አርበኞች ጋር መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው አይናገርም። ሰው ስለ ጀላል ሲጠይቅ መልሱ «ቡናው ሳይደርስ ቀረ መሰል» ነው።

ይህን ሁሉ ወልደ አማኑኤል ያውቅ ነበር። እጁ በሩን ሲነካ ግን አላሰበውም።

ዘይነባ በሩን ከፈተች። ወልደ አማኑኤልን አየች። ቀጥላ ከኋላው የቆመውን ከሲታ እንግዳ አየች። ቀጥላ አንገቱ ሥር ያለውን ጥለት አየች። ማለዳ ነው። ለቅሶ ጠሪው መጥቷል። ሐዘን የለበሰ እንግዳ ይዟል። መርዶ የሚነገረው እንዲሁ ነው፤ ለዚህ ቃል አያስፈልገውም።

«ጀላሌን!» ብላ ጮኸች። «ጀላሌን ገደሉብኝ!»

«ኧረ አይደለም! ዘይነባ፣ ስሚኝ...»

አልሰማችውም። መሬት ላይ ተንከባለለች። ጭጋጉ ድምፁን ወስዶ በየአጥሩ አደለው። ራህማ ቅቤ በእጇ እንደያዘች ከጎረቤት ሮጣ መጣች፤ ሸማኔዎቹ ከጉድጓዳቸው ወጡ፤ የወንዙ ሴቶች ደረሱ። ማን እንደሞተ ከማወቃቸው በፊት ማልቀስ ጀመሩ። ኮልፌ ውስጥ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። አንዳንዱ ወልደ አማኑኤልን አልፎ ሲሄድ «ቅድም ማንም አልሞተም አላልክም?» ይለዋል በንቀት።

ወልደ አማኑኤል የሠራውን ጥፋት ያወቀው አሁን ነው። የጉልላትን ጥለት አየ። እጁን ዘርግቶ ሊያስተካክልለት ቃጣ፣ ግን ዘግይቷል። ከራህማ ጆሮ ሥር ተንበርክኮ በሹክሹክታ «አልሞተም። በአምላክ፣ ማንም አልሞተም። እንግዳ ላስተዋውቃት ነው የመጣሁት» አላት።

ራህማ ዞር ብላ አየችው። ያን አስተያየቷን እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም። ከዚያ በዘይነባ ላይ ጎንበስ ብላ የሴትዮዋን አፍ በነጠላዋ ሸፈነችና «አልሞተም። ሰማሽኝ? ደህና ነው። ስህተት ነው» አለቻት።

ዘይነባ ዝም አለች። ዓይኗን አፍጥጣ ራህማን አየች።

በዚህ ጊዜ ከመንገዱ በኩል የቦት ጫማ ድምፅ ተሰማ።

ራህማ ነጠላውን ከዘይነባ አፍ ላይ አነሣች። «አልቅሺ» አለቻት ቶሎ ብላ። «አሁን ዝም ካልሽ እንጠፋለን። አልቅሺ፤ ስሙን ግን እንዳትጠሪ።»

ሹምባሹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች አለቃ፣ የመጣው አንድ ነጭ ወታደርና ጥቂት ባንዳ አስከትሎ ነው። ሹምባሹ አማርኛ ያውቃል፤ ወታደሩ አያውቅም፤ ስለዚህ ሹምባሹ ለሁለት ሰው ያህል ይቆጣ ነበር። ሰዎቹን በአለንጋው ከፈለ።

«ምንድነው ይሄ ስብሰባ? ማነው የሞተው?»

የሁሉም ዓይን ወልደ አማኑኤል ላይ ነው። የሟችን ስም መጥራት የሱ ሥራ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠራው ስም አጣ። ማንም አልሞተም ቢል ይህች ሴት ለምን ታለቅሳለች? ባሏስ የት ነው? አንድ ስም ፈጥሮ ቢጠራ ሬሳው የት አለ?

«የሞተው ወንድሜ ነው» አለ ጉልላት።

ቀስ ብሎ ወደፊት ወጣ። ጥለቱ አንገቱ ላይ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከሱ የበለጠ ሐዘንተኛ የሚመስል ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም።

«ሬሳውስ?»

«መርዶ ነው፣ ጌታው። እዚህ አይደለም የሞተው። አሰብ መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ተንዶበት ነው። ለመንግሥት ሲሠራ።»

ሹምባሹ ለመንግሥት መንገድ ሲሠራ በሞተ ሰው ላይ የሚለው አልነበረውም። አለንጋውን ወደ ዘይነባ አዞረ። «እሷ ምኗ ነው? ወንድሟ ነው?»

«ኧረ ሹምባሽ!» አለች ራህማ ቀና ብላ፣ ዕንባዋን በቅቤ እጇ እየጠረገች። «እኛ ሰፈር ያለቀሰ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ያላለቀሰው ነው። እርስዎስ እናት የለዎትም? ሰው ሲሞት ደረቅ ዓይን ይዘው ይቆማሉ?»

ከሰዎቹ መካከል አንድ ሰው ሣቁን በሳል ሸፈነ። ነጩ ወታደር ምን እንደተባለ ጠየቀ። ሹምባሹ አልተረጎመለትም።

«የሐዘኑ ቤት የት ነው?» አለ።

«ከባሕር ዛፉ ሥር» አለ ወልደ አማኑኤል። ድምፁ የተመለሰለት አሁን ነው።

«ሐዘን ከሆነ ሐዘን ይቀመጥ። እዚህ ሰው ደጅ አይደለም። እመጣለሁ፤ አያለሁ።»

ቦቱ ራቀ። ጭጋጉ ድምፁን ቀስ አድርጎ ዋጠው። ሰዎቹ አልተንቀሳቀሱም። ዘይነባ ብቻ ከመሬት ተነሥታ ወልደ አማኑኤልን በጥፊ አለችው። ከዚያ ጉልላትን አይታ ነጠላዋን አስተካከለችና «ቤትህ የት ነው?» አለችው።

የዚያን ቀን ኮልፌ ወደ ጉልላት ጎጆ ፈለሰች። ሹምባሹ እንደሚመለስ የተጠራጠረ አልነበረም፤ ለቅሶውም ለቅሶ መምሰል ብቻ ሳይሆን ለቅሶ መሆን ነበረበት። ሸማኔዎቹ ከጎጆዋ ፊት እንጨት ተክለው በሸራ ዳስ ሠሩ። ቡልቻ እንጨት አወረደ። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፤ እስላሞቹ በአንድ ምድጃ፣ ክርስቲያኖቹ በሌላ። ሁለቱም ጭስ በዳሱ ሥር ተቀላቅሎ የሁሉንም ዓይን ያስለቅስ ነበር። ጉልላትን መደቡ ላይ በጋቢ ጠቅልለው አስቀመጡት፤ ትኩስ ነገር ያጠጡታል። የገባ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል። ስሙንም ይጠይቃል። ጉልላት ለእያንዳንዱ ሰው ስሙን ይናገራል።

ከሰዓት በኋላ ሙሉወርቅ መጣች። ሙሉወርቅ የሰፈሩ አልቃሽ ናት፤ ሟቹን ሳታውቅ ግጥም አትገጥምም።

«ወንድምህ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» አለችው ከጎኑ ተቀምጣ። ነገሩ ውሸት መሆኑን ነግረዋት ነበር። ግን ሙሾ ያለ ሰው አይወጣላትም።

ጉልላት ዓይኑን ጨፈነ። ከጎጆው ክዳን ውሃ እየተንጠባጠበ ነበር።

«ማለዳ መሄድ ይወድ ነበር» አለ። «ቆዳ ሲሸተው ደስ ይለው ነበር። ሰው ሲጠራው ሁለተኛ እስኪጠራ አይጠብቅም። ሚስቱን በጣም ይወድ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ግን አልነገራትም። ቀብር አያመልጠውም። እርጥብ አፈር ሲሸተው ‹የኔ ቀንስ ማን ይመጣ ይሆን?› ይል ነበር።»

ወልደ አማኑኤል በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጉልላት ስለማን እንደሚናገር አውቋል። ሙሉወርቅም ያወቀች ይመስላል፤ ምክንያቱም ተነሥታ ዳሱ መካከል ከቆመች በኋላ የተናገረችው ወደ አሰብ ሳይሆን ወደ መደቡ ፊቷን አዙራ ነው።

«ሳላውቀው ነው የሄደ ደጁን ሳልረግጠው፤
ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ለሞት ማን ይሰጠው።

እንግዳ ነው ብሎ ማንም አይቅር ቤቱ፤
ኮልፌ ነው ዘመዱ ኮልፌ ነው እናቱ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ለቅሶው የማስመሰል መሆኑን የሚያውቁት ሁሉ፣ በዚያ ክረምት የት እንደደረሱ ያልታወቁ ወንድሞችና ባሎች ነበሯቸው፤ ስማቸውን መጥራት የማይቻል። ለእነሱ ደረት ተመታ። ዘይነባ ስም ሳትጠራ እስክትደክም አለቀሰች፤ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ነበር። ጉልላት ጋቢው ውስጥ ሆኖ የራሱን ሙሾ ሰማ። አልሳለም። የዳሱ ጭስ፣ ዝናቡና ድምፁ አንድ ላይ ሲወዛወዙ፣ ወልደ አማኑኤል ለአፍታ ያህል ማን ሕያው ማን ሟች እንደሆነ ተምታታበት፤ እሱ ራሱ እንኳ የቆመው ከየትኛው ወገን እንደሆነ።

ሹምባሹ በሦስተኛው ቀን መጣ። ዳሱን አየ፣ ምድጃዎቹን አየ፣ የተቀመጠውን ሰው በዓይኑ ገረፈ። ራህማ በእፍኝ ንፍሮ ሰጠችው። ሐዘን ቤት የቀረበ አይገፋምና ቆሞ በላ። ሲወጣ ከጉልላት ፊት ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጽናህ» አለው። ከዚያ እንደማፈር ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ዳሱ ፈረሰ። ወልደ አማኑኤል ዘይነባ ዘንድ ይቅርታ ሊጠይቅ ወረደ። በሩ ጋ ሳይደርስ ከሩቅ ቆመ፤ መቅረቡን ፈራ። ዘይነባ አየችው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮክ ብላ፦

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ሁለተኛ ማንም ካልሞተ ከሩቅ እየዘፈኑ ይምጡ! ካለበለዚያ በአህያ መጫኛ ነው የምመታዎት!»

«ዘፈን አልችልም እኮ፣ ልጄ።»

«ይማሩ!» አለችው፤ በሩን ግን ክፍት ትታለት ገባች።

ከዚያ በኋላ የኮልፌ ሰዎች ወልደ አማኑኤል ያለ ሥራው ሲያልፍ የሚያንጎራጉራትን አንዲት ዜማ ያውቋት ጀመር። መጥፎ ዜማ ናት፤ ሳትጀመር የምታልቅ። ሰው ሲሰማት ልቡ ይመለሳል። ጉልላት ሲሻለው ሲሻለው እሱን ተከትሎ ይዞር ነበር፤ የፈረሰውንም አራዳ ማየቱን ከዕለት ወደ ዕለት እየቀነሰ መጣ። በመስከረም የሰም ነጋዴውን ሱቅ መፈለግ ተወ። በጥቅምት ሦስት ለቅሶ ላይ ተገኘ፤ ቃሬዛ መሸከም ስለማይችል የሚሸከሙትን ሸማኔዎች ኩታ ይዞ ከኋላ ይሄድ ነበር።

ጉልላት ያረፈው ኅዳር ሲገባ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ አንድ ማክሰኞ ነው። ወልደ አማኑኤል ስሙን ጠራ፤ «ማነው?» ያለ ሰው አልነበረም። ቃሬዛውን ከባሕር ዛፉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እየተቀባበሉ ወሰዱት፤ እስላሞቹ እስከ ቅጽሩ ሸኙት። ሳምንት ሳይሞላ ከአራዳ የተነሡ አንድ ባልና ሚስት ጎጆዋ ውስጥ ገቡ። በማግስቱ ማለዳ ወልደ አማኑኤል ያችን መጥፎ ዜማ እያንጎራጎረ ወደ ደጃቸው ወረደ።